ምስክሩ ሳይጠየቅ የማትፈርደው ቢ ዙዌና

በየሰፈሩ ሁሉን አዋቂ ሞልቷል። እኛ ሰፈር፣ በሞምባሳ አሮጌው ከተማ፣ በየደጃፉ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ቢያንስ ሁለት ሁለት ይደርሰናል። ዝናቡ መቼ እንደሚጥል፣ ወደብ የገባችው መርከብ ምን እንደጫነች፣ የማን ልጅ ማንን እንደምታገባ፣ የጉሮሮ ሕመም በየትኛው ክኒን እንደሚለቅ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያልታወቀ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰው የሰፈር ጌጥ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ፈጣሪ አንድን ሰፈር መቅጣት ሲፈልግ የሚልከው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። “አላውቅም” የሚል ሰው ይልክበታል።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ጨዋታው ሞቅ ብሎ፣ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ ሲያወራ፣ ይህ ሰው ቀና ይልና ቀስ ብሎ “በምን አወቅህ?” ይላል። ከዚያ በኋላ ሻዩም ይቀዘቅዛል፣ ወሬውም ይቀዘቅዛል። እኛ ዘንድ “ችኮላ በረከት የለውም” የሚል አባባል አለ፤ እኛ ግን አባባሉንም የምንናገረው በችኮላ ነው። ይህ ሰው ብቻ የምሩን ይዞታል።

የእኛይቱ ክብርት ቢ ዙዌና ትባላለች፤ “ቢ” በእኛ ቋንቋ “እመት” እንደማለት ነው። ከመንግሥት ሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከሰው ቁስል፣ ከሽንት፣ ከደም ጀርም ወስዳ ትዘራለች፤ ሲበቅል ስሙን ታወጣለች፤ ስሙን ካወቀች በኋላ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ትፈትናለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ችግሩ ሥራዋን ላቦራቶሪው ውስጥ ትታ ወደ ቤቷ አለመሄዷ ነው።

ያለፈው ዓመት ሰርግ ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ። ሩዝና ሥጋው፣ ቢሪያኒው፣ ከድስቱ ሳይወጣ ብዙ ቆይቶ ነበር መሰለኝ፣ ሽታው ላይ ክርክር ተነሣ። አቡዲ አንድ ጉርሻ ቀምሶ “ቅመሙ ነው” ብሎ ፈረደ። አቡዲ የመደባችን ሐኪም ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከሳሙናውና ከክብሪቱ ጎን ክኒን በፍሬ ይቸረችራል። ግማሹ ሰርገኛ አመነው። ግማሹ ወደ ቢ ዙዌና ዞረ።

“ቢ ዙዌና፣ ይበላል አይበላም?”

“አላውቅም።”

“አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው?”

“ይብቀልና እናየዋለን” አለች። ከእጅ ቦርሳዋ ንጹሕ ብልቃጥ አወጣች። (የሰርግ ቦርሳ ውስጥ ብልቃጥ ይዞ የሚሄድ ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት።) አንድ ማንኪያ ቢሪያኒ ጨምራ፣ ክዳኑን ጠርቅማ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈችበት። የራሷን ሳህን ሳትነካ ሙሽራዋን ስማ ሄደች። እኛ በላን። በሦስተኛው ቀን እኔንና አቡዲን ጨምሮ ሰፈሩ ከመጸዳጃ ቤት ደጃፍ ተመልሶ ነፍስ መዝራት ሲጀምር፣ ቢ ዙዌና በመደቡ በኩል አለፈች።

“ቢሪያኒው አይበላም ነበር” አለችን። የጀርሙንም ስም ከነአባቱ ነገረችን።

“አሁን ነው የሚነገረን?” አለ አቡዲ፣ ሆዱን እንደያዘ።

“አሁን ነው ያወቅሁት።”

ሌላው የሚወራላት ነገር የበጎቹ ጉዳይ ነው። ከላቦራቶሪው ጀርባ ሁለት በጎች ታስረው ይኖራሉ። አንዳንድ ጀርም ደም ካልተቀላቀለበት ምግብ አይበላም፤ እንደ ሀብታም ልጅ ነው። የበጎቹ ሥራ በየጊዜው ከአንገታቸው ትንሽ ደም መስጠት ነው። “ከደም ባንክ የተረፈ የሰው ደም እያለ በግ መቀለብ ምን ይባላል?” ብለው የጠየቋት ነበሩ። “ሰውማ ክኒን ሲውጥ የኖረ ነው፤ ደሙ ጀርሙን ያሳስተዋል። በጉ ግን ከአቡዲ ሱቅ ገዝቶ አያውቅም” አለች። አቡዲ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን ሰላምታ ነሳት። እሷ አላወቀችለትም፤ አራተኛው ቀን ላይ ራሱ ታረቃት።

አንድ ዓመት በዓረፋ ዋዜማ አዲስ የመጣ አስተዳዳሪ በጎቹን አይቶ ለሠራተኛው በዓል የተገዙ መሰሉት። አራጅ አስጠራ። ቢ ዙዌና ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች። “ጌታዬ፣ ይሄ በግ ሰባት ዓመት ያገለገለ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው። ከእርስዎ ይቀድማል” አለችው። ሰውየው ዛሬም በዚያ ሲያልፍ በጎቹን ሰላም ሳይል አያልፍም ይላሉ። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው የእህቷ ልጅ የታጨች ጊዜ ነው። ሽማግሌ ሄደ፣ ሽማግሌ መጣ፤ ሁሉም ስለ እጮኛዋ ጨዋነት መሰከረ። የልጁ እናት ደግሞ “የኔ ልጅ እንኳን ሰው ዝንብ አያስከፋም” ብላ ማለች። ሁሉም ወደ ቢ ዙዌና ሲያይ እሷ ለእናትየው አንዲት ጥያቄ አቀረበች። “ታላቅየው ልጅሽስ እንዴት ያለ ነው?” አለቻት። ታላቅየውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመሸታ ቤት ወጥቶ ወደ መሸታ ቤት የሚገባ ነው። እናትየው ሳትደናገጥ “እሱማ ታታሪ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ነው” አለች።

ቢ ዙዌና ሻይዋን አስቀመጠች። “ስለሚታወቀው የዋሸ፣ ስለማይታወቀው አይታመንም። ምስክሩ ወድቋል። ሌላ ሰው ጠይቁ” አለች። እጮኛው ሌላ አንድ ዓመት ተፈትኖ፣ ከአሠሪዎቹም ከጎረቤቶቹም ተጠይቆ፣ ደህና ሆኖ ተገኘና አገባት። እስከ ዛሬ ግን የሚስቱን አክስት ሲያይ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል።

ይህን የምስክር ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ። ከላቦራቶሪው የመጣ ልማድ ነው። የመድኃኒቱ ፈተና እንዲህ ነው። ጀርሙን ክዳን ባለው ክብ ሳህን ላይ ትዘራዋለች። በላዩ ላይ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ ክብ የወረቀት ቁራጮች ታስቀምጣለች፤ ከአንድ ምስር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ሳህኑ በሙቀት ሳጥን ውስጥ ያድራል። ጀርሙ ሳህኑን እንደ ሣር ይሸፍነዋል፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ ግን በወረቀቱ ዙሪያ ክብ መላጣ ይቀራል። ቢ ዙዌና ያንን መላጣ በማስመሪያ ትለካለች። (የአቡዲንም መላጣ በዓይኗ ስትለካ ደርሼባታለሁ።) መላጣው ሰፊ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ከሌለ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል።

ሁልጊዜም ታዲያ ከበሽተኛው ሳህን ጎን ሌላ ሳህን አብሮ ያድራል። እዚያ ላይ ያለው ጀርም በማቀዝቀዣዋ ውስጥ ዘመን የቆጠረ፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ለየመድኃኒቱ ስንት ሚሊሜትር መላጣ እንደሚያሳይ በመጽሐፍ የተጻፈለት ነው። እሱን ነው “ምስክሩ” የምትለው። ምስክሩ እንደተጻፈው ከመለሰ የሌላው መልስ ይታመናል። ካልመለሰ ችሎቱ ይዘጋል።

አሁን ወደ እግሬ ልምጣ።

እኔ ባካሪ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ቢ ዙዌናንም አራተኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ። ስኳር አለብኝ። ስኳር ያለበት ሰው እግር ወሬ አያደርስም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ የማይናገር ዘበኛ ነው። ዓሣ ገበያ በነጠላ ጫማ ስዞር የዓሣ እሾህ ከትንሿ ጣቴ ሥር ገብቶ ኖሮ ያወቅሁት ጣቴ ሲያብጥ ነው። አቡዲ ዘንድ ሄድሁ። ባለ ሁለት ቀለም ክኒን ሰጠኝና “በሦስት ቀን ትዘላለህ” አለኝ። በሁለት ቀን እብጠቱ ጎደል ሲል የተረፈውን ክኒን ለሌላ ቀን ይሆናል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። በሳምንቱ እሑድ እግሬ ፓፓያ አክሎ፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠኝ ሆስፒታል ተኛሁ።

ቢ ዙዌና ራሷ መጣች፤ ከቁስሉ ልትወስድ።

“መምህር፣ ከዚህ በፊት ምን ወሰዱ?”

“ትንሽ ክኒን።”

“ስንት ቀን?”

“ሁለት።”

ባለቤቴ ቲማ ከራስጌዬ “ንገራት፣ ንገራት፣ መሳቢያውንም ንገራት” አለች።

ቢ ዙዌና ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ወደ ብልቃጡ እየመለሰች ራሷን ነቀነቀች። “ጀርሙን ፊደል አስቆጥረው ልከውልኛላ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማስተማር አልበቃዎትም?”

ሳቅሁ። ሰኞ ግን አልሳቅሁም። ዶክተር ሙቱኩ መጣ፤ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ቀዶ ሐኪም ነው። ቅላቱ የደረሰበትን ከቁርጭምጭሚቴ ላይ አይቶ፣ ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ።

“እስካሁን የሰጠንህ መድኃኒት አልያዘልንም” አለ። “የላቦራቶሪውን መልስ እንጠብቃለን። የሚሠራ መድኃኒት ካልተገኘ ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት የቀዶ ሕክምናው ክፍል ተይዟል። ቅላቱ ይህን መስመር ካለፈ ደግሞ ረቡዕንም አልጠብቅም።”

“ከየት በላይ ነው የሚቆረጠው?” አለች ቲማ።

በእጁ አሳየን። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነበር።

ማክሰኞ የሆነውን ፋማው ነው በኋላ የነገረኝ። ፋማው ከቢ ዙዌና ጋር የሚሠራ፣ ሽበት የወጣው፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ጠዋት ሳጥኑን ከፈቱ። የኔ ሳህን እንደ ሜዳ ነበር፤ ከዘጠኙ ወረቀቶች በአንዱም ዙሪያ ይህ ነው የሚባል መላጣ የለም። ፋማው “አለቀ” አለ። ዶክተር ሙቱኩም መልሱን በወረቀት እስኪልኩለት አልጠበቀም፤ በእግሩ መጣ።

“ቢ ዙዌና፣ ምን ይሠራል?”

“አላውቅም።”

“ሳህኑ እኮ ፊቴ ነው። ምንም አይነካውም።”

“ምስክሩን አልጠየቅሁትም” አለች። ሁለተኛውን ሳህን ከፍታ ማስመሪያዋን አስቀመጠች። ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ስድስት መሆን የሚገባው አሥራ አንድ ሆነ። ሌላውን ለካች። እሱም ጎደለ። ሁሉም ጎደሉ።

“ምን ማለት ነው?” አለ ሐኪሙ።

“ይሄ የምስክሩ ጀርም እነዚህን መድኃኒቶች ችሎ አያውቅም። ዛሬ ቻለ። ስለዚህ ጀርሙ አይደለም የጠነከረው፣ ወረቀቶቹ ናቸው የደከሙት። በመምህር ላይ በውሸት ምስክር አልፈርድም።”

“ሰውየው ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ዛሬ አንድ መልስ ስጪኝ።”

“ያለኝ መልስ ‘አላውቅም’ ነው። እሱን ልጻፍልህ?”

ጻፈችለት። ዶክተር ሙቱኩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። “እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ነው ያለሽ” ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቢ ዙዌና ፍሪጁን ከፍታ የወረቀቶቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አፍንጫዋ የታወቀ ነው፤ አንዳንዱን ጀርም ሳህኑን ሳትከፍት በጠረኑ ትለየዋለች። ሦስተኛው ቱቦ ላይ ቆመች።

“ፋማው፣ ይሄ ለምንድን ነው ዓሣ ዓሣ የሚለው?”

ፋማው መሬት መሬት አየ። እሷ ማሊንዲ ለቅሶ ሄዳ ሳለ አርብና ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ነበር። ወረቀቶቹ ሙቀት እንደማይወዱ ያውቃል። ጨንቆት ወደ ዓሣ ገበያ ሮጦ፣ የተፈጨ በረዶ በባልዲ አምጥቶ፣ ቱቦዎቹን ልክ አባቱ ዓሣ እንደሚያስቀምጠው በረዶው ውስጥ ቀብሯቸዋል። በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ገባባቸው። ቅዳሜ ማታ መብራት ሲመጣ አድርቆ ወደ ቦታቸው መለሳቸው።

“ዓሣ እንዲህ ሦስት ቀን ይቆያል” አለ ፋማው። “እነዚህ ደግሞ ወረቀት ናቸው ብዬ ነው።”

“ዓሣ ሲበላሽ ይሸታል” አለች ቢ ዙዌና። “ይሄ ሲበላሽ ይዋሻል።”

ይህን ብቻ ነው ያለችው፤ አልጮኸችበትም። የስህተት መዝገቡን አውጥታ ጻፈች። ፋማው በትከሻዋ በኩል ሲያነብ “ወረቀቶቹን እርጥበት ነክቷቸዋል። በመብራት መጥፋት ጊዜ ምን እንደሚደረግ ጽፌ ሳልተው የሄድሁት እኔ ነኝ፤ ዙዌና” ይላል።

ቱቦዎቹን ጣለቻቸው። ከዚያ ተርሞሷን ይዛ ወደ ሊኮኒ መሻገሪያ ወረደች፤ ባሕሩ ማዶ ባለ ሌላ ላቦራቶሪ ወረቀት የሚያበድራት የምታውቀው ሰው አለ። ጀልባው ሰው ሞልቶ ሁለቴ አምልጧት ነበር። ሦስተኛው ላይ ተርሞሱን ከደረቷ ለጥፋ ቆማ ሄደች፣ እንደዚያው ቆማ ተመለሰች። ለሁለት ነገር አልተቀመጠችም ይላሉ፤ መቀመጫ ስላልነበረና፣ ቢኖርም ስለማትቀመጥ። አዲሶቹን ወረቀቶች በኔና በምስክሩ ሳህን ላይ ስታስቀምጥ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ጀርሙ ቢያንስ አሥራ ስድስት ሰዓት መተኛት አለበት። ቁጥሩን አስሉት። የሚነበበው ረቡዕ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቲማ አንሶላውን ገልጣ መስመሩን አየች። “አንድ ጣት ቀርቶታል” አለች። ከዚያ ጣቷን አስቀምጣ ለካች፤ የቢ ዙዌና በሽታ ተጋብቶባት ነበር። ባለ ጎማ አልጋ ላይ አውጥተው በኮሪደሩ አስቆሙኝ። ከዚያ ሆኜ በመስኮቱ የላቦራቶሪውን በር አያለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር ሙቱኩ ነርስ ላከ። “ቢ ዙዌና፣ ዶክተር አሁን ብታዪው ነው የሚለው።”

“ሰዓቱ አልደረሰም።”

“ግማሽ ሰዓት ምን ይለውጣል?”

“አላውቅም። ለዚህ ነው የማልከፍተው።”

ነርሷ ይህን ስትነግረን ቲማ “ኧረ በአላህ፣ ይቺ ሴት እግሩን በእጇ ይዛ ሰዓት ታያለች” አለች። እኔ ግን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ግትርነት ተጽናናሁ። ሁሉም ለኔ በቸኮለበት ቀን አንድ ያልቸኮለ ሰው ነበረኝ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ፋማው እንደነገረኝ ሳጥኑን ስትከፍት የኔን ሳህን አላነሣችም። የምስክሩን አነሣች። ዘጠኙንም መላጣ እየለካች፣ ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየች፣ አንድ በአንድ ጻፈች። ፋማው “የመምህርን እንይ” ቢላት አልሰማችውም። የመጀመሪያው ሃያ ሁለት። ሁሉም በየወሰናቸው ገቡ። “ምስክሩ እውነት ተናግሯል” አለችና የኔን ከፈተች።

ስድስቱ ሜዳ ነበሩ፤ ጀርሜ በእውነትም ፊደል ቆጥሯል። በሦስቱ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ሰፊ መላጣ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ከመጋዘን መደርደሪያ ሥር አቧራ ለብሶ የኖረ አሮጌ መርፌ ነው፤ ማንም ያላሰበው።

በሩ ሲከፈት አየኋት። አትሮጥም፤ በሕይወቷ ሮጣ አታውቅም። ወረቀቱን ይዛ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጓሮውን አቋርጣ መጣችና ለዶክተር ሙቱኩ ሰጠችው።

“አሁን አውቃለሁ” አለች።

እሱ አነበበ። አንዴ ደግሞ አነበበ። ከዚያ አልጋዬን ራሱ ወደ ኋላ አዞረው። መርፌው ተጀመረልኝ። በማግስቱ ጠዋት ቅላቱ አልጨመረም፤ ሐሙስ ማታ ከመስመሩ ሁለት ጣት ሸሽቶ ነበር፤ ቅዳሜ ቲማ “ሦስት ጣት ተኩል” አለች። ትንሿን ጣቴን ግን ሰጠሁ፤ የሞተች ነበረች። እግሬ አብሮኝ ቀረ።

ከሆስፒታል የምወጣ ቀን ቢ ዙዌና ልትጠይቀኝ መጣች፤ በዚያውም ቁስሉን ለካች። እኔም የደበቅሁትን ነገር ማውጣት ነበረብኝ። ለእናንተም አልነገርኋችሁም።

አራተኛ ክፍል ሳስተምራት፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ አንድ ማሰሮ ባቄላ ይዤ ክፍል ገባሁ። “ስንት ፍሬ ነው? ገምቱ” አልኋቸው። አንዱ ሁለት መቶ፣ ሌላው ሺህ እያለ ክፍሉ ተናወጠ። ያቺ ቀጭን ልጅ ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ “አላውቅም። ይፍሰስና እንቁጠረው” አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሰነፍ መሰለችኝ፤ ደፈረችኝም መሰለኝ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ በአንድ እግሯ አቆምኋት።

“ዙዌና” አልኋት፣ የተጠቀለለ እግሬን እያየሁ። “የባቄላውን ማሰሮ ታስታውሺያለሽ?”

“አስታውሳለሁ።”

“በአንድ እግር ያቆምሁሽን?”

“በግራው ነበር።”

እሷ ማስመሪያዋን ጠርጋ ኪሷ ከተተች።

“እኔን የቆጨኝ እሱ አይደለም” አለች። “ስንት እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ሳይቆጥሩልን ነው ማሰሮውን ይዘው የወጡት።”

አሁን መደብ ላይ ስቀመጥ ነገር ተለውጧል። ባለፈው አቡዲ “መምህር፣ መብራቱ ዛሬ የሚመጣ ይመስልሃል?” ቢለኝ “አላውቅም” አልሁት። አቡዲ ወደ ሌሎቹ ዞሮ “ጣቱን ብቻ መስሎኝ ነበር የቆረጡት” አለ።

መብራት ሲጠፋ ከዓሣ ገበያ በረዶ የሚያመጣው ዛሬ እኔ ነኝ። ፋማው ቱቦዎቹን እርጥበት በማያስገባ ጠርሙስ አሽጎ፣ ጠርሙሱን ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ነው በረዶው ላይ የሚያስቀምጠው። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈ መመሪያ አለ፤ የጻፈው ራሱ ፋማው ነው። ያለፈው ሳምንት መብራት ሲሄድ በአንድ እጄ በረዶውን፣ በሌላው አንድ ነገር ይዤ በሽፍን ጫማዬ ወደዚያ አዘገምሁ። ቢ ዙዌና በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ማሰሮ። ቲማ ናት የሞላችው። ስንት ይመስልሻል?”

“አላውቅም” አለች፤ ጠረጴዛውን ግን መጥረግ ጀምራ ነበር።

አፈሰስነው። እሷ አሥር አሥር እያደረገች በማስመሪያዋ ትከፍላለች፣ ፋማው ይጽፋል፣ እኔ እደምራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ እሷ ተቀምጣ ነበር። ሰባት መቶ አርባ ሦስት ሆነ። አልታመነም ተባለና እንደገና ከመጀመሪያው ተቆጠረ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ቆሜ ነበር፤ በሁለት እግሬ።